የሴቶች ሩጫ ይጠበቅ፤ በውሸት ግን አይሁን

ትራንስጀንደር አትሌቶች (ሲወለዱ ከተመዘገቡበት ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ) በሴቶች ውድድር ይሳተፉ ወይስ አይሳተፉ በሚለው ጉዳይ ላይ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደረሰኝ። ረጅም ነው። በቁጣ የተጻፈ ነው። ያነበቡት ብዙዎቹም «እውነቱን ነው» እያሉ ለሌላ አስተላልፈውታል። ላላነበበው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ወንዶች ሴት ነን እያሉ የሴቶችን ውድድር አጥለቅልቀውታል ይላል። ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ደቡብ አፍሪካዊቷን ሯጭ ካስተር ሴሜንያንና አልጄሪያዊቷን ቦክሰኛ ኢማን ኸሊፍን ነው። የእኛ ልጆች በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር ተዘርፈዋል ይላል። ሆርሞን የሚቀንስ መድኃኒት መውሰድ ቅንጣት ለውጥ አያመጣም ይላል። አሁን የመጣው የዘረመል ምርመራ ግን ጉዳዩን በአንድ ቀን ይዘጋዋል ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ስለሆነ እኛን አይነካንም ብሎ ይደመድማል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ትልቅ እውነት አለ። ከእሱ ጋር ተያይዘው የቀረቡት አብዛኞቹ ነገሮች ግን ትክክል አይደሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው ይጎዳሉ። የሚጎዱት ሰው ደግሞ ጸሐፊው «እንጠብቃት» የሚሏትን ያቺኑ ሴት ልጅ ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር፤ ምክንያቱም ይሄን ሳልናገር ብቀጥል ሌላው ሁሉ ሽሽት ይመስላል።

የሴቶች ውድድር ለብቻው መሆን አለበት። ለምን? ልዩነቱ ግዙፍ ስለሆነ። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሮጠ። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ሄንግሎ ላይ 29:01.03 ስትሮጥ በሴቶች ታሪክ ከእሷ በፊት ማንም ያልደረሰበት ሰዓት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ነው። ሌላም ልጨምር። ሰለሞን ባረጋ በ2018 ገና የ18 ዓመት ልጅ እያለ 5,000 ሜትርን በ12:43.02 ጨርሷል። ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት በ2025 የሴቶቹን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር 13:58.06 ነበር ያስመዘገበችው። በዓለም ታሪክ ያንን ርቀት ከ14 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት፤ ከአንድ የ18 ዓመት ወጣት ግን 75 ሰከንድ ወደኋላ ናት። የሴቶች ውድድር ባይኖር ደራርቱን አናውቃትም ነበር። ጥሩነሽንም፣ መሠረትንም፣ አልማዝንም እንደዚያው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከጉርምስና ነው። በልጅነት ወንድና ሴት ልጅ ሲሮጡ ያን ያህል አይራራቁም። ጉርምስና ሲገባ የወንዱ ሰውነት ቴስቶስትሮን የሚባለውን ሆርሞን በብዛት ያመርታል። በጤናማ ወንድ ደም ውስጥ ያለው መጠን በአብዛኛው ከ7.7 እስከ 29.4 ናኖሞል በሊትር ነው፤ በሴት ደግሞ ከ0.06 እስከ 1.68። ሁለቱ ክልሎች አይነካኩም። በዚህ ሆርሞን ጉልበት አጥንት ይረዝማል፣ ጡንቻ ይፈረጥማል፣ ልብና ሳንባ ይሰፋሉ፣ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይጨምራል። ስለዚህ በወንድ ጉርምስና ያለፈ ሰው በኋላ ሴት ሆኖ ቢኖር፣ በሕይወቱ ሁሉ ልናከብረው የሚገባ ሰው ቢሆንም፣ በሴቶች ሩጫ መስመር ላይ ሲቆም ውድድሩ እኩል አይሆንም። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው የዓለም አትሌቲክስ በመጋቢት 2023 እነዚህን አትሌቶች ከሴቶች ዓለም አቀፍ ውድድር ሲያግድ ትክክል ያደረገ ይመስለኛል። ይህን የምለው ማንንም ጠልቼ አይደለም። ትራንስጀንደር የሆነ ሰው መሮጥ፣ መዋኘት፣ መጫወት አለበት፤ ሳይሰደብና ሳይደበደብ የሚጫወትበት ቦታም ሊኖረው ይገባል። ለሴቶች የተከለለው ምድብ ግን የተከለለበት ምክንያት አለው።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አብረን ነን። ከዚህ በኋላ እንለያያለን።

«አጥለቅልቀውታል» ስለሚለው

አላጥለቀለቁትም። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለትራንስጀንደር አትሌቶች በሩን የከፈተው ከ2004ቱ የአቴንስ ጨዋታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ በግልጽ ትራንስጀንደር መሆኗ የታወቀች ሴት በሴቶች ምድብ በግል ውድድር ስትቀርብ ያየነው በ2021 ቶኪዮ ላይ ነው። ኒውዚላንዳዊቷ ክብደት አንሺ ሎረል ሃባርድ ናት። 43 ዓመቷ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም ማንሳት አልቻለችም፣ ከውድድሩ ወጣች። በቃ ይሄው ነው።

በአትሌቲክስማ ጭራሽ። የዓለም አትሌቲክስ በ2023 እገዳውን ሲያውጅ በዚያ ወቅት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚወዳደር ትራንስጀንደር አትሌት እንደሌለ ራሱ ተናግሯል። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከርም በታኅሣሥ 2024 በሴኔት ፊት ሲጠየቁ፣ ከ510,000 አትሌቶች ውስጥ የሚያውቋቸው ትራንስጀንደሮች ከ10 እንደሚያንሱ መልሰዋል። አዎ፣ ሊያ ቶማስ የምትባል ዋናተኛ በ2022 በአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና የሴቶችን 500 ያርድ አሸንፋለች። ያ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ አብረዋት የዋኙት ልጆች ቅሬታም ተገቢ ነው፤ ዓለም አቀፉ የውኃ ስፖርት ፌዴሬሽንም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጥብቅ ሕግ አውጥቷል። ግን አንድ ጉዳይ አንድ ጉዳይ ነው። ሕግ ለማውጣት ጎርፍ መኖር የለበትም፤ ጎርፍ ሳይኖር ጎርፍ አለ ማለት ግን ሰዉ በየሜዳው ጠላት እንዲፈልግ ያደርጋል። ሲፈልግ ደግሞ ማንን እንደሚያገኝ ከታች አሳያለሁ።

አንድ ነገር እዚሁ ላርም። ጸሐፊው ሰው ዛሬ ወንድ ሆኖ ሮጦ ነገ ሴት ነኝ ብሎ መመዝገብ የሚችል አስመስለው ጽፈዋል። በአትሌቲክስ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ከ2023 በፊት የነበረው ሕግ የቴስቶስትሮን መጠን ለ12 ወራት ከ5 ናኖሞል በታች ሆኖ በምርመራ እንዲረጋገጥ ያዝ ነበር። ሕጉ በቂ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እኔም እላለሁ። ሕግ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም።

ሴሜንያና ኸሊፍ

የጽሑፉ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ትራንስጀንደር አይደሉም። ሁለቱም ሲወለዱ ሴት ተብለው ተመዘገቡ፣ ሴት ልጅ ሆነው አደጉ፣ በሴትነታቸው ሲወዳደሩ ኖሩ። ጾታ አልቀየሩም።

ኸሊፍን ብዙ ሰው ያወቃት በነሐሴ 2024 ፓሪስ ላይ ጣሊያናዊቷ ተጋጣሚዋ ከ46 ሰከንድ በኋላ ውድድሩን ስታቋርጥ ነው። ያን ቀን መላው ዓለም «ወንድ ሴት ደበደበ» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ግን ይህችው ቦክሰኛ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ በአየርላንዳዊቷ ኬሊ ሃሪንግተን ተሸንፋ ስትሰናበት ማንም ዞር ብሎ አላያትም። የቦክስ ፌዴሬሽኖች አሁን የጾታ ምርመራ ማድረግ መጀመራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ምድቡን እንዴት እንደሚለዩ መወሰን መብታቸው ነው። አንዲት በሴትነት ተወልዳ ያደገች አልጄሪያዊት ልጅ ጾታውን የቀየረ ወንድ ናት ብሎ መጻፍ ግን ውሸት ነው፤ ለዚያውም የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል።

የሴሜንያ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነው። በሊምፖፖ ገጠር የተወለደች ልጅ ናት። በ2009 በርሊን ላይ በ18 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን በ1:55.45 ነበር የገባችው። የድሏን ደስታ ሳታጣጥም የጾታ ምርመራ እየተደረገላት መሆኑ ለጋዜጠኛ ወጣ። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ስለራሷ አካል ከእሷ በፊት ዓለም ሲያወራ ሰማች። ሐኪሞች የሷን ሁኔታ ከተለመደው የተለየ የጾታ ዕድገት ይሉታል። ይህ ማለት ሰውየው ሲወለድ ክሮሞዞሙ፣ የውስጥ አካሉና የውጭ አካሉ እንደብዙኃኑ አንድ መስመር አልያዙም ማለት ነው። የመረጠው ነገር አይደለም። ብዙዎች ይህ እንዳለባቸው የሚያውቁት በጉርምስና ነው፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አያውቁም።

እነዚህ ሴቶች ብልጫ የላቸውም እያልኩ አይደለም። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ የተደረገ ጥናት ከ1,000 ሴት አትሌቶች 7ቱ ያህል እንዲህ ያለ ተፈጥሮ እንዳላቸው አሳይቷል፤ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ካለው ቁጥር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤትም በግንቦት 2019፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ለመወዳደር ቴስቶስትሮናቸውን እንዲቀንሱ የሚያዘውን ሕግ በመቃወም ሴሜንያ ያቀረበችውን አቤቱታ 2 ለ1 በሆነ ድምፅ ውድቅ አድርጓል። ሕጉ አድሎ ነው፣ ግን የሴቶችን ምድብ ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው ነበር ያለው። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል። ያልጠቀሱት ቀጥሎ የሆነውን ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በሐምሌ 2025 ሴሜንያ ይግባኝ ባለችበት የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኘችም ብሎ ወስኗል። ያልጠቀሱት ሌላም አለ። ለሕጉ መነሻ ከሆኑት ጥናቶች ዋናው በ2017 የወጣ ሲሆን፣ ጥናቱን ያሳተመው መጽሔት በ2021 እርማት አውጥቷል፤ ጥናቱ ቴስቶስትሮን ለውጤቱ ምክንያት መሆኑን እንዳረጋገጠ ተደርጎ መወሰዱ ሊያሳስት ይችላል ብሏል። ይህን አንባቢ ማወቅ አለበት።

ደግሞ «ማንም ሊያሸንፋት የማይችል ወንድ» ተብላለች። የሴቶች 800 ሜትር ክብረ ወሰን በ1983 ያርሚላ ክራቶችቪሎቫ ያስመዘገበችው 1:53.28 ነው። የሴሜንያ ምርጥ ሰዓት 1:54.25 ነው። የወንዶቹ ክብረ ወሰን የዴቪድ ሩዲሻ 1:40.91 ነው። በ2022 ዩጂን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በሕጉ ምክንያት 800 መሮጥ ስላልቻለች 5,000 ሞከረች፤ ከማጣሪያው አላለፈችም። በ2012 ለንደን ላይ ሁለተኛ ስትወጣ የቀደመቻት ሩሲያዊቷ ማሪያ ሳቪኖቫ በኋላ በአበረታች መድኃኒት ተይዛ ወርቁ ተነጥቋል። ያኔ ሴሜንያ ፌዴሬሽኑ ባዘዘው መሠረት የተፈጥሮ ሆርሞኗን የሚቀንስ መድኃኒት እየዋጠች ነበር የምትሮጠው። አጭበርባሪዋ ማን እንደነበረች አንባቢ ይፍረድ።

ስለ ሴሜንያ ሕግ ሰው የፈለገውን አቋም ሊይዝ ይችላል። በወንድ ደረጃ ያለ ቴስቶስትሮን የሚሠራበት ሰውነት በሴቶች 800 ላይ ጥያቄ ያስነሳል ማለት ሐቀኛ ክርክር ነው። አጭበረበረች፣ ጾታዋን ቀየረች ማለት ግን ሌላ ነው። አንዱ የስፖርት ክርክር ነው፤ ሌላው ስም ማጥፋት ነው።

የሪዮ 800 ሜትር

ጸሐፊው በ2016 ሪዮ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት፣ ሴሜንያ፣ ቡሩንዲያዊቷ ፍራንሲን ኒዮንሳባና ኬንያዊቷ ማርጋሬት ዋምቡይ፣ ሜዳሊያውን ከኢትዮጵያውያን ልጆች ነጠቁ ይላሉ። ትዕግሥት አሰፋንም በስም ይጠቅሳሉ፤ 800 ሜትርን የተወችው ተስፋ ቆርጣ ነው ይላሉ።

በሪዮ 800 ሜትር ፍጻሜ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊት አልነበረችም። ትዕግሥት ከመጀመሪያው ማጣሪያ አላለፈችም። ያ ፍጻሜ በደል ነበረበት ከተባለ የተበደለችው አራተኛ የወጣችው ካናዳዊቷ ሜሊሳ ቢሾፕ ናት፤ ከዋምቡይ በ0.13 ሰከንድ ነበር የተቀደመችው። ትዕግሥት ከትራክ ወደ ጎዳና የወጣችው ደግሞ የተረከዝ ጅማት ሕመም በስፓይክ እንዳትሮጥ ስላስቸገራት ነው። ወጥታስ? በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። በ2025 ለንደን ላይ 2:15:50 ገብታ የሴቶች ብቻ (ወንድ አሯሯጭ የሌለበት) ውድድርን ክብረ ወሰን ያዘች። ይህችን የመሰለች ብርቱ ሴት የማንም ተበዳይ አድርጎ መሣል ለእሷም ክብር አይሆንም።

ጸሐፊው ቢፈልጉ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ነበራቸው። በ2019 ሕጉ ከ400 ሜትር እስከ አንድ ማይል ያሉትን ርቀቶች ሲዘጋ ኒዮንሳባ ወደ ረጅም ርቀት ሄደች። ወደ እኛ ርቀት። በመስከረም 2021 ዛግሬብ ላይ 2,000 ሜትርን በ5:21.56 ስትሮጥ ገንዘቤ ዲባባ በቤት ውስጥ ውድድር ከሮጠችው 5:23.75 የተሻለ ሰዓት ሆነ። ይህ በእርግጥ እኛን የነካ ነገር ነው፤ ስለሱ ብንከራከር ይገባኛል። ግን ሙሉው ታሪክ ይነገር። በዚያው ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ለተሰንበት ነሐስ ስትወስድ ኒዮንሳባ አምስተኛ ነበረች። የ2,000ውንም ሰዓት አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ሃል በ2024 ሞናኮ ላይ 5:19.70 ሮጣ አሻሽላዋለች። የማይደረስበት ተራራ አልነበረም። ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ደግሞ ሕጉ ሁሉንም ርቀት ስለሚያካትት የኒዮንሳባ መንገድ እዚያው ተዘግቷል።

መድኃኒቱ

ሆርሞን መቀነስ ቅንጣት ለውጥ አያመጣም የሚለው ልክ አይደለም። በቂ ለውጥ አያመጣም ቢሉ ግን እስማማ ነበር። የትራንስጀንደር ሴቶች ቴስቶስትሮን ሲቀንስ የደም ሄሞግሎቢን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሴቶች ደረጃ ይወርዳል። ጡንቻ ግን ቀስ ይላል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚቀንሰው 5 በመቶ ገደማ ነው። ቁመትና አጥንትማ ያው ነው። በአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረቦች የአካል ብቃት ፈተና ላይ ተመሥርቶ በ2020 የወጣ ጥናት ከሁለት ዓመት መድኃኒት በኋላ በፑሽአፕና በሲትአፕ የነበራቸው ብልጫ መጥፋቱን፣ በሩጫ ግን አሁንም በ12 በመቶ ገደማ እንደሚፈጥኑ አሳይቷል። በዓለም ሩጫ ላይ 12 በመቶ ማለት በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ማለት ነው። የጸሐፊው አቋም በእውነተኛው ማስረጃም ይቆም ነበር። ማጋነኑ ለምን አስፈለገ?

ምርመራው ሁሉን ይፈታል?

ይህንን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የዓለም አትሌቲክስ ከመስከረም 1፣ 2025 ጀምሮ በሴቶች ምድብ በዓለም ደረጃ የምትወዳደር ሁሉ ኤስአርዋይ የሚባለውን ጂን እንድትመረመር ደንግጓል። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ወይም ከደም ናሙና ይወሰዳል። በዕድሜ ዘመን አንድ ጊዜ ነው። ጂኑ በተለምዶ ወንዶች ባላቸው ዋይ ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ነው። ጸሐፊው ይህን እንደ አዲስ ግኝት ያቀርቡታል። አዲስ አይደለም። በ1966 ሴት አትሌቶች በሐኪሞች ፊት ራቁታቸውን እንዲቆሙ ይደረግ ነበር። በ1968 ሜክሲኮ ላይ የክሮሞዞም ምርመራ መጣ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ ኦሊምፒክ የሚሄዱ ሴቶች የሴትነት ማረጋገጫ ይጠየቁ ነበር። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስትሮጥ ሥርዓቱ እሱ ነበር። ፋጡማ ሮባም በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶን ስታሸንፍ እንደዚያው። ደራርቱ በ2000 ሲድኒ ላይ ሁለተኛውን ወርቅ ስትወስድ ግን ምርመራው ቀርቶ ነበር።

ለምን ቀረ? ስላልሠራ። አትላንታ ላይ 3,387 ሴቶች ተመርምረው 8ቱ ጂኑ ተገኘባቸው። ስምንቱም ሲጣራ እንዲወዳደሩ ተፈቀደላቸው፤ አብዛኞቹ ሰውነታቸው ቴስቶስትሮንን መጠቀም የማይችል ሴቶች ነበሩ። ጂኑ አለ፣ ብልጫው የለም። ያንን ጂን በ1990 ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው አውስትራሊያዊው አንድሩ ሲንክሌር ራሱ፣ የዓለም አትሌቲክስ ይህን ጂን የጾታ መለያ ማድረጉን በ2025 በአደባባይ ተቃውሟል።

ስፔናዊቷን የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞን ማወቅ ይገባል። በ1985 ኮቤ ላይ ማረጋገጫዋን ሳትይዝ ስለሄደች እንደገና ተመረመረች። ዋይ ክሮሞዞም ተገኘ። ተጎዳሁ ብለሽ አስመስለሽ ውጪ አሏት፤ እንዳሏት አደረገች። በቀጣዩ ዓመት በአገሯ ሻምፒዮና ሮጣ ስታሸንፍ ውጤቱ ለጋዜጣ ወጣ። ድሎቿ ተሰረዙ፣ የነፃ ትምህርት ዕድሏ ተነጠቀ፣ እጮኛዋ ጥሏት ሄደ። ሰውነቷ ቴስቶስትሮን ጭራሽ የማይሠራበት ሴት ነበረች። በ1988 መወዳደር ትችላለሽ ተባለች፤ ጊዜዋ ግን አልፏል።

አሁን ያለው ሕግ እንደ ፓቲኞ ላሉት ሴቶች መውጫ አለው፤ ሰውነታቸው ቴስቶስትሮንን ጨርሶ የማይጠቀም መሆኑ ከተረጋገጠ ይወዳደራሉ። ይህ ጥሩ ነው። ግን «ከተረጋገጠ» የምትለዋ ውስጥ ብዙ ሆስፒታል፣ ብዙ ዶክተር፣ ብዙ ገንዘብ አለ። አውሮፓ ያለች ልጅ የራሷ ሐኪምና ጠበቃ ይኖራታል። በፈረንሳይና በኖርዌይማ ያለ ሕክምና ምክንያት እንዲህ ያለ የዘረመል ምርመራ ማድረግን የአገሪቱ ሕግ ስለሚገድብ የፈረንሳይ አትሌቶች ከአገር ውጭ ሄደው ነው የተመረመሩት። መንግሥታቸው «ቆይ» የሚል ሕግ አለው። ከገጠር መጥታ ካምፕ የገባች የ17 ዓመት ልጅ «ቆይ» የሚልላት ማን ነው?

«የፈረንጅ ጣጣ ነው»

የተጎጂዎቹን ስም ዝርዝር ይመልከቱ እንጂ። ሴሜንያ ደቡብ አፍሪካዊት። ኒዮንሳባ ቡሩንዲያዊት። ዋምቡይ ኬንያዊት። በ2021 ቶኪዮ ላይ 400 ሜትር ተከልክላ በ200 ሜትር ብር ያመጣችው የ18 ዓመቷ ክርስቲን ምቦማ ናሚቢያዊት። በትራንስጀንደሮች ስም የተቀሰቀሰው ቁጣ መጥቶ ያረፈው ጎረቤቶቻችን ላይ ነው።

ኡጋንዳዊቷን አኔት ነጌሳን ደግሞ ልንገራችሁ። የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። ከ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ በፊት ደሟ ተመርምሮ መወዳደር እንደማትችል ተነገራት። ከዚያ በአገሯ ሆስፒታል ተኝታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀላል ነገር፣ እንደ መርፌ ያለ ነገር መስሏት እንደነበር፣ ስትነቃ ሆዷ ላይ ስፌት እንዳገኘች ተናግራለች። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በቀዶ ሕክምናው እጄ የለበትም ብሏል። እሷ ግን ወደ ቀድሞ ብቃቷ ተመልሳ አታውቅም። በ2019 ጀርመን ጥገኝነት ሰጣት። ብቻዋን አይደለችም። በ2013 የፈረንሳይ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፣ ከታዳጊ አገሮች ገጠርና ተራራማ አካባቢ የመጡ፣ ከ18 እስከ 21 ዓመት የሆናቸው አራት ሴት አትሌቶች ሙሉ ጤነኛ አካላቸው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦላቸው ወደ ውድድር እንደተመለሱ ተጽፏል። አካሉ እዚያው ቢቀር ለጤናቸው እንደማያሰጋ ሐኪሞቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ይህን ሳነብ ያመኛል። ገጠር፣ ተራራ፣ ድሃ አገር፣ የ18 ዓመት ሯጭ። ይህ መግለጫ ከበቆጂ ወይም ከጎጃም ደጋ ለመጣች ልጅም ይሆናል።

እኛን አይነካንም? በመስከረም 2025 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን በሁለት ሰከንድ ተቀድማ ብር ያመጣችው ትዕግሥት፣ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያመጣችው ጉዳፍ ፀጋይ፣ በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ ያመጣችው ሲምቦ ዓለማየሁ፣ ሁሉም የተወዳደሩት በዚህ የምርመራ ሕግ ሥር ነው። ከእነሱ በኋላ የሚመጡትም እንደዚሁ ናቸው። ምርመራው ለትራንስጀንደር አትሌቶች ነው የተባለ ቢመስልም፣ በተግባር ግን ጥጡ የሚገባው የእኛ ልጆች ጉንጭ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ምድቡ ይጠበቅ የሚል ሁሉ አብሮ የሚጠብቀው ሥራ አለው። ምርመራው የማይቀር ከሆነ፣ ፌዴሬሽናችን ልጆቹን ገና ክለብ ሲገቡ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በትግርኛም፣ ምን እንደሚመረመርና ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ያስረዳ። የሻምፒዮና ዋዜማ ላይ አይሁን። ውጤቱን መጀመሪያ የምትሰማው ልጅቷ ትሁን፤ አሠልጣኟ፣ ማናጀሯ ወይም የካምፕ ጓደኞቿ አይሁኑ። ውጤቱን ያለ ፈቃዷ ለሌላ ያወጣ ሰው ይጠየቅ። የምታማክራት ሐኪም አጠገቧ ትኑር። ማንም «ተቆረጪና ሩጪ» የሚል ምርጫ አያቅርብላት። መሮጥ አትችዪም ከተባለች ደግሞ በባዶ እጇ ወደ ቀዬዋ አትመለስ፤ ትምህርት ወይም ሥራ ይፈለግላት። ያ ሁሉ ካልተዘጋጀ ለምርመራው ዛሬ ማጨብጨብ ነገ በራስ ልጅ ላይ መፍረድ ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ጽሑፉን ብዙ ሰው ስለሚያነበው፣ ስለ ሴሜንያና ስለ ኸሊፍ የጻፉትን አንቀጽ ያንሡት፤ የሪዮውንም ያርሙት። የቀረው አቋማቸው ያለ እነዚህ አንቀጾችም ይቆማል፤ እኔም በዚያ ላይ አብሬያቸው እቆማለሁ።